የአያ ጅቦ ጥብስ፦ በከሰል ወይስ በቡታጋዝ?

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው ግቢያቸውን አጥረው በጉርብትና በሚኖሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ከቅርጫ ተባረረ። ቅርጫን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ በሬ ያርዳል፣ ሥጋው በየመደቡ እኩል ይከፋፈላል፣ ከዚያም ዕጣ ይጣልና እያንዳንዱ የደረሰውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለዕጣው አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ ይሰጣል፤ ዕጣ ጣዩም ዓይኑን ጨፍኖ በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። አያ ጅቦ በተባረረበት ፋሲካ ግን ዕጣ ጣዩ ዓይኑን ሲገልጥ መደቡ ሁሉ ባዶ ነበር። አያ ጅቦ ሥጋውን ከነቅጠሉ፣ ከነጠጠሩ፣ ከነስባሪው ውጦታል።

«ምን ነካህ?» ቢሉት፣ «የእኔ የትኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር አያ ጅቦ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ የጎረቤቶቹን ሳቅ ሲሰማ ይውል ጀመር። ሥጋውስ ግድ የለም፤ እንደ ልማዱ ወጥቶ ያገኛል። ያንገበገበው ብቸኝነቱ ነው። በሩን የሚያንኳኳ የለ፣ «ና ቅመስ» የሚለው የለ። ይህ ለጅብም ቢሆን ከባድ ነው። ሲብስበት ወደ አንበሳ ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ብቻዬን መብላት መረረኝ። ወደ ቅርጫው ይመልሱኝ» አለ እንባው እየወረደ።

አንበሳ የሰፈሩ ዳኛም ሽማግሌም ነበርና አዘነለት። «ለመስቀል በግቢህ ጥብስ ታበላናለህ» አለው። «ሥጋው ተከትፎ፣ በአዋዜ ታሽቶ ይደርስሃል። አንተ ጠብሰህ ለሁላችንም አንዳንድ ሳህን ካቀረብህ መደብህ ይመለስልሃል። ካላቀረብህ ግን ሁለተኛ ቅርጫ የሚባል እንዳታነሣብኝ።»

አያ ጅቦ መሬት ስሞ ተነሣ። ደስታው ግን ቤቱ እስኪደርስ ብቻ ነበር። ጥብሱ በምን ይጠበስ? በከሰል ወይስ በቡታጋዝ?

ወሬውን የሰማው ቀበሮ እየሮጠ መጣ። ለአያ ጅቦ አዝኖ የሮጠ እንዳይመስላችሁ። ጅቦ ከተባረረ ወዲህ የእሱን መደብ ደርቦ የሚወስደው ቀበሮ ነበር፤ ጅቦ ከተመለሰ የሚጎድለው የቀበሮ ድስት ነው።

«ከሰል ነው፣ አያ ጅቦ!» አለ ገና ከበሩ። «ቡታጋዝማ የሰነፍ ነው። ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል፣ ጭሱ ተመልሶ ሥጋውን ሲያጥነው፣ ያኔ ነው ጥብስ ጥብስ የሚሆነው። ብቻ መቸኮል የለም። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ድረስ ከሥጋው አጠገብ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።»

«ከሥጋው አጠገብ?»

«ታዲያ ከማን አጠገብ ልትቀመጥ ነው?» አለ ቀበሮ፣ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሌላ እያየ።

በዚህ መሐል አህያ ከገበያ ስትመለስ በደጁ አለፈች።

«እሜቴ አህዪት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ግቢ እንጂ!» አላት አያ ጅቦ።

«እዚሁ ይመቸኛል» አለች አህያ ከአጥሩ ማዶ። «እኔን ከጠየቅኸኝ ቡታጋዝ ነው። መክፈቻውን ጠመም ስታደርገው ወዲያው ይነዳል። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። እኔ እንደሆነ የከሰል ማዳበሪያ ስሸከም ጀርባዬ ተላጠ።»

«ሲሊንደሩንስ ማን ተሸክሞ ሊያመጣው ነው?» አለ ቀበሮ።

አህያ ይህን አላሰበችም ነበር። ያ ድፍን ብረት ጀርባዋ ላይ ሲንከባለል ታያትና ጆሮዋን ጣለች። «ለካስ የሚነደው ምንም ይሁን ምን ተሸካሚዋ እኔው ነኝ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ክርክሩ ግን በሰፈሩ ተዛመተ። ከሰል ባዮች በአንድ ወገን፣ ቡታጋዝ ባዮች በሌላ ወገን ሆኑ፤ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ተኳረፉ። አትሳቁ፤ በእናንተም ግቢ ማርገብገቢያ ይዞ «እኔ ነኝ የማውቀው» የሚል አንድ ዘመድ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ የቀበሮ ምላስ አሸነፈና አያ ጅቦ በከሰል ሊጠብስ ወሰነ።

የመስቀል ዕለት ሥጋው በትልቅ ትሪ መጣ። አያ ጅቦ ምድጃውን አቀጣጠለ፣ ፍርግርጉን ወለወለ፣ ማርገብገቢያውን ይዞ ከትሪው አጠገብ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ሲጀምር በጣም ጨዋ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አራገበ። አፍንጫው ግን ወደ ግድግዳው አልዞረችለትም።

«ጨው ይጎድለው ይሆን? እንግዳ ፊት ከማፍር...» አለና አንዷን ቀመሰ። ጨው አልጎደለውም። «ይህቺኛዋስ?» ብሎ ሁለተኛዋን ቀመሰ። ከዚያ አንዷ ቁራጭ ከሌሎቹ ተለቅ ብላ ታየችው። ለእንግዳ እኩል መቅረብ አለበትና ትርፏን ነክሶ አስተካከላት። አሁን ደግሞ ከሌሎቹ አነሰች። ያነሰ ነገር ማቅረብ ነውር ስለሆነ ጨረሳት። ሌሎቹንም እንዲሁ ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ከሰሉ ነጭ አመድ ለበሰ። እንዴት ያለ ፍም መሰላችሁ!

እንግዶቹ በነጠላቸው አምረው ሲገቡ ፍሙ ቦግ ብሎ፣ ትሪው ተልሶ ጠበቃቸው።

«ሥጋውስ?» አለ አንበሳ።

«ከሰሉ ነው ጌታዬ!» አለ አያ ጅቦ። «ከሰል ይዘገያል! እስኪደርስ ድረስ ሥጋው አለቀ!»

አንበሳ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ቡታጋዝ ባዮቹ ቀደሙት። «ብለን አልነበረም? ብለን ነበር! ጥፋቱ የከሰሉ ነው!» ብለው ግቢውን ቀወጡት። ግማሽ ሰፈር እንዲህ ከጮኸ ዳኛ ምን ያደርጋል? «እሺ፣ ለገና በቡታጋዝ ይሞከር» ብሎ በባዶ ሆዱ ወደ ቤቱ ሄደ። ቀበሮ ቅር አለው፣ ግን አልተጨነቀም። አያ ጅቦን ያውቀዋል።

ለገና አህያ እያቃሰተች ሲሊንደሩን አመጣች፤ ትሪ ሙሉ ሥጋም ደረሰ። አያ ጅቦ መክፈቻውን ጠመም ሲያደርገው እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። «ይኸው! ዛሬ መጠበቅ የለ!» ብሎ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ፍርግርጉ ላይ ጣል አደረጋት።

ሥጋዋ ቸስስ አለች።

አያ ጅቦ ክው አለ። «ኸረ ተቃጠለች!» ብሎ በአፉ አዳናት። ገና ጥሬ ነበረች። ሁለተኛዋን ቢያስቀምጥ እሷም ቸስስ አለች፤ እሷንም አዳናት። ከዚያ በኋላማ የቀሩት ሁሉ አሳዘኑት። ይህ ሁሉ ሥጋ እዚህ እሳት ላይ ሊጮህ ነው? እሳቱ ሳይነካቸው አንድ በአንድ ከትሪው ላይ አዳናቸው። እንግዶቹ ሲደርሱ ሰማያዊው እሳት በባዶው ፍርግርግ ሥር ይነዳል።

«ቡታጋዝ ይቸኩላል ጌታዬ!» አለ አያ ጅቦ ገና ሳይጠየቅ።

አሁን ደግሞ ከሰል ባዮቹ ተነሡ። «ብለን አልነበረም? ጥፋቱ የቡታጋዙ ነው!» ቡታጋዝ ባዮቹም አልተኙላቸውም፤ «የእናንተ ከሰል ምን አበላን?» አሉ። ቀበሮ በመሐል ዘሎ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ተሞክሯል! በቃ ይባረር!» አለ።

አያ ጅቦ ጅራቱን ወሽቆ አለቀሰ። «በእንጨት ልሞክር! በኩበት ልሞክር! ብቻ አታባርሩኝ!»

አንበሳ ራቡም ጩኸቱም አናቱ ላይ ወጣበትና አንዴ አገሣ።

«ቀበሮ፣ አንተ ከትሪ ሙሉ ሥጋ አጠገብ ብትቀመጥ ምን ይሰማሃል?» አለ።

«ኃላፊነት ጌታዬ» አለ ቀበሮ። ከመናገሩ በፊት ግን ምራቁን መዋጡን ሁሉም አየ።

«እኔም ብሆን ራሴን አላምንም» አለ አንበሳ። «አንቺስ፣ እሜቴ አህዪት?»

አህያ አጥሩ ሥር ሣር እየጋጠች ነበር። «እኔ? እንቅልፌ ይመጣል» አለች።

አንበሳ ግንባሩን መታ። «እንግዲያው እስከ ዛሬ የተከራከርነው ስለ ምንድን ነው? እሳቱማ ሁለቱም እሳት ነው። ለፋሲካ ትሪውን የምትጠብቅ አህያ ናት። አያ ጅቦ እሳቱን ይይዛል፤ ሥጋውን በመቆንጠጫ ይዛ የምታቀብለው እሷ ናት።»

«ከእሱ ጋር ብቻዬን አልቀመጥም» አለች አህያ። እውነቷን ነው። ስለዚህ አንበሳ ራሱ በመካከላቸው ሊቀመጥ ቃል ገባ።

ፋሲካም ደረሰ። ሁለቱም ወገን እንዳያኮርፍ ምድጃውም ቡታጋዙም ጎን ለጎን ተቀመጡ። አህያ እያንቀላፋች ታቀብላለች፤ አያ ጅቦ በዚህ ያራግባል፣ በዚያ ይገለብጣል። አልፎ አልፎ ዓይኑ ከሥጋው ተነሥቶ ወደ አህያ ጭን ሲሄድ አንበሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ዓይኑም ወደ እሳቱ ይመለሳል። ላቡ ጠብ ጠብ አለ፣ ምራቁም ጠብ ጠብ አለ፣ ግን ሳህኖቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ለሁሉም ደረሰ። ለቀበሮም አንድ ሳህን ብቻ ደረሰው፤ ፊቱን አጥቁሮ በላ።

በመጨረሻ አንበሳ የአያ ጅቦን ሳህን በገዛ እጁ አቀረበለት። «መደብህ ተመልሶልሃል፤ ብላ» አለው። አያ ጅቦ አንዷን ጎረሰ። አኘካት። ቀስ ብሎ አኘካት፤ ይህን ከእሱ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«እስቲ አንተ ፍረደን» አለ ከከሰል ባዮቹ አንዱ። «ዓመቱን ሙሉ ያከራከርኸን አንተ ነህ። የቱ ጥብስ ይሻላል? የከሰሉ ወይስ የቡታጋዙ?»

አያ ጅቦ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እኔ በምን አውቄ?» አለ። «የተጠበሰ ሥጋ ስቀምስ ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሆዱን መግዛት ያቃተው ሰው ከሰልን ቢያማ ቡታጋዝን ቢያማ፣ ሥጋው እሳቱ ጋ እስኪደርስ ካልታገሠ ጥብስን በስሙ ብቻ እያወቀ እንደሚኖር ነው።