አልሰጥም ያለው የጋሽ ይርዳው ሣጥን

ስሙኝማ፣ ተረቴ ከኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ትነሳለች።

ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ጠንቃቃ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ተወለደችላቸው። ልጃቸው ዘላለም ከሩቅ ከተማ ደወለና፣ «ፎቶዋን በኢሜይል ልኬያለሁ፤ እስከ ማታ ስም ካላወጡላት አማቶቼ ያወጡላታል» ብሎ ሳይጨርስ የጋሽ ይርዳው ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፋ። ጋሽ ይርዳው ደግሞ ፊቷን ሳያዩ ስም አያወጡም።

ኢሜይሉን ጠየቁት። «የይለፍ ቃል ካልሰጡኝ አልከፈትም» አለ። የይለፍ ቃሉ ያለው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚከፈት የምስጢር ቃላት ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ነው።

ሣጥኑን ጠየቁት። «ኮድ ካልመጣ ቃሉን አልሰጥም» አለ። ዘላለም ሲያዘጋጅላቸው ሁለት ሦስት መግቢያ እናብጅለት ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን የሌባ መግቢያ ለምን አበዛለሁ ብለው፣ በስልካቸው በሚመጣ ኮድ ብቻ እንዲከፈት አስደረጉት። ሣጥኑ አልሰጥም፣ ኢሜይሉ አልከፈትም አለ።

ስልኩን ጠየቁት። «ቻርጅ ካላደረጉኝ ኮድ አልቀበልም» አለ። ስልኩ አልቀበልም፣ ሣጥኑ አልሰጥም፣ ኢሜይሉ አልከፈትም አለ።

ቻርጀሩን ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ተውሰውታል። ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄደው በበሩ ቀዳዳ ጠየቁት። «ተቆልፎብኛል፣ አልመጣም» አለ። ቻርጀሩ አልመጣም፣ ስልኩ አልቀበልም፣ ሣጥኑ አልሰጥም፣ ኢሜይሉ አልከፈትም አለ።

እትዬ አስካለን ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ አገኟቸው። «ጀሪካኔን ትቼ ብሄድ ተራዬን ይወስዱብኛል፣ አልነቃነቅም» አሉ። አስካለ አልነቃነቅም፣ ቻርጀሩ አልመጣም፣ ስልኩ አልቀበልም፣ ሣጥኑ አልሰጥም፣ ኢሜይሉ አልከፈትም። ፀሐይዋም ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ጋሽ ይርዳው ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጨብጠው ቆሙ። የሣጥናቸው መግቢያ እሱ ብቻ ነው። ለማንም ሰጥተውት አያውቁም። በመጨረሻ አወጡት።

«ተራሽን እኔ ልጠብቅልሽ። አንቺ ይህን ሰክተሽ አምጪልኝ።»

«እርስዎ ስልክዎን ለሰው? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች፣ ጋሼ?»

ጋሽ ይርዳው ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ግን ከመንገዱ አልተነሳም። ይህን ጊዜ ቧንቧው ሳል ሳል አደረገውና ውሃው መጣ። ጀሪካኑን ሞልተው ሳይጨርሱ እትዬ አስካለ ስልኩን ይዘው ብቅ አሉ።

አስካለ ተነቃንቀው፣ ቻርጀሩ ተገኝቶ፣ ስልኩ ነቅቷል። ጋሽ ይርዳው ቤታቸው ሲገቡ ስልኩ ኮዱን ተቀበለ፤ ሣጥኑ ቃሉን ሰጠ፤ ኢሜይሉ ተከፈተ። ሕፃኗም ታየች፤ ልክ እንደ አያቷ ግንባሯን ቋጥራ፣ እጇን ጨብጣለች።

«ፈለቀች በሏት» አሉ ለልጃቸው ለዘላለም ደውለው።

«ከየት አመጡት፣ አባዬ?»

«ከቦኖው።»

ከዚያ ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሱና ሁለተኛ መግቢያ አበጁ፤ ኮዱ በእትዬ አስካለ ስልክም እንዲመጣ። ተረቴን እዚህ ላይ ዘጋኋት፤ መክፈቻዋ ጎረቤት ዘንድ አለ።