በቀኝ በኩል የተቀባው ሰም

መስጂዷ ከገበያዋ ይቅደም ገበያዋ ከመስጂዷ፣ ሽማግሌዎቿ እንኳ ተስማምተው በማያውቁባት አንዲት ዳገታማ የጥንት ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሰው ደግ ናቸው ይላቸዋል። ሲለኩ ጣት ያህል ለገዢው ጨምረው ይቆርጣሉ፣ ለድሃ ከፈን በነፃ ይሰጣሉ ይባላል። እኔ ግን እሳቸውን የማነሣው በሌላ ነገር ነው። ጨርቁ ቀለሙን የሚለቅ ከሆነ ገዢዋ ሳትጠይቃቸው፣ ገና እጇ ሳይነካው፣ «ይኼ ይለቃል» ይሏት ነበር። ይለቃል ካሉ ይለቃል። አይለቅም ካሉ ደግሞ የከተማዋ ሴት ሁሉ ሳታጥብ ሳትፈትን ለዒድ ታሰፋው ነበር። የአንድ ሰው ቃል እዚህ ሲደርስ ሀብት ነው። ሀብት ባለበት ደግሞ ዐይኑን የሚጥል አይጠፋም።

ዐይኑን የጣለው ጀውሃር የሚባል የዚያው አገር ልጅ ነበር። ዋና ከተማ ቆይቶ አፉ እንደ ጫማው ሾሎ ተመለሰ። መጀመሪያ የመጣው ራሰ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ይዞ ነው። ራሰ በሮቹ ዛሬም አሉ፤ ሄዳችሁ እዩአቸው። ቀጥሎ የመጣው የመኪና መቀቢያ ይዞ ነው፤ ጥቁር ቆርቆሮ፣ በላዩ ወርቃማ ጽሑፍ፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ። አንዴ የተቀባ መኪና ዓመት ሙሉ ዝናብ አይነካው፣ ጭቃ አይዘው፣ ፀሐይ አያደበዝዘው ይላል። ዋጋውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዋጋ ሲነገር ድምፅ ዝቅ ካለ እኔ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ። እናንተም አድርጉ።

አብዛኛው ሹፌር ዋጋውን ሰምቶ ሳቀ። ነስሩ ግን አልሳቀም። ነስሩ ያረጀች ኮሮላ ነበረችው፤ ለኒካሕና ለሰርግ እያከራየ ነው የሚተዳደርባት። ባለፈው ዓመት የሰርግ ባለቤቶች መኪናዋን እያዩ «ይቺማ ሙሽራ አትጭንም» ማለት ጀምረዋል። ጀውሃርም ይህንን ያውቃል። «ያቺን ኮሮላ ቀባት፤ ሙሽራው ራሱን በኮፈኗ ላይ እያየ ከረባቱን ያስራል» አለው። ነስሩ ያን ማታ ለሚስቱ ለጦይባ ነገራት። ጥሬ ገንዘብ የለውም። ያለው ሲያገባት በመህር የሰጣት የእሷ የወርቅ አንባር ነው።

ጦይባ አልጮኸችም። በነጋታው ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሐጂ ሱቅ ሄደች።

«ሐጂ፣ ነስሩ ወርቄን ሊሸጠው ነው።»

«ረሃብ ገባ?»

«ኧረ የለም፣ አልሐምዱ ሊላህ። ለመኪናዋ ቅባት ሊገዛበት ነው።»

ሐጂ የያዙትን መቀስ አስቀመጡ። «ለመኪናዋ?»

«አዎ። እኔ የፊት ቅባት ካለቀብኝ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ እሷ ግን የውጭ አገር ትቀባለች።»

«መህርሽ የአንቺ ነው። ካልሰጠሽው መሸጥ አይችልም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን ቤቴንም እፈልገዋለሁ። እንቢ ብዬ አሁን የያዘው የሰርግ ኪራይ ከቀረበት እድሜ ልኬን 'በአንቺ ምክንያት' እየተባልኩ ልኖር ነው። እሱ ደግሞ ምን አለ መሰለዎት? 'ሐጂ ቡሽራ ጥሩ ነው ካሉ እሸጣለሁ፣ አይረባም ካሉ እተወዋለሁ።' ጀውሃር ወደ አንቱ ሊመጣ ነው።»

«አብሽሪ» አሏት። «እስከ ጁምዓ አንባርሽ ከእጅሽ አይውጣ።»

ጀውሃር እውነትም መጣ። ሱቅ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮዋን ጨርቅ መለኪያው ላይ እንደ ጽጌረዳ አስቀመጣት።

«ሐጂ፣ የአንቱን ቮልስ በነፃ ልቅባልዎት ነው የመጣሁት።»

ሐጂ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚነዷት አመድማ ቮልስ ነበረቻቸው። በከተማዋ የማያውቃት ሕፃን የለም።

«በምን ትቀባታለህ? በሰም?»

«ኧረ ሐጂ! ሰም አይደለም። ዋክስ ነው።»

«ዋክስ ምንድን ነው?»

ጀውሃር ትንሽ አሰበ። «ያው… ሰም ነው። ግን የተለየ።»

«በምን ተለየ?»

«በዋጋው ያውቁታል።»

«ዋጋውንማ አንተ ነህ ያወጣኸው።»

ጀውሃር ሳቀና ወደ ጉዳዩ ገባ። ከሐጂ የሚፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ጥሩ ነው» እንዲሉ። እሱም በበኩሉ የመስጂዱን የውዱእ ቧንቧ ያሠራል። ቧንቧው ከተበላሸ በኋላ ሰዉ በጆግ እየተቀባበለ ነበር የሚታጠበው፤ ሽማግሌዎቹ በብርድ ተሰልፈው ሲንቀጠቀጡ ማየት ያሳዝናል። ሐጂም ይህ ነገር እንቅልፍ የሚነሣቸው ሰው ነበሩ። ጀውሃር የት እንደሚነካ ያውቃል። እንደዚህ ያለ ሰው የሚያምረው ለዚህ ነው፤ ጉቦውን እንኳ ውዱእ አስደርጎ ያመጣዋል።

ሐጂ ቆርቆሮዋን አንሥተው አገላበጧት። ከዚያ «ጀውሃር፣ ቧንቧውን ለአላህ ብለህ ከሆነ ዛሬውኑ ሥራው፤ አላህ ይቀበልህ። ለምላሴ ብለህ ከሆነ ግን ምላሴ የቧንቧ ዕቃ አይደለም» አሉት።

«አንቱም እንደ ሹፌሮቹ ጠረጠሩኝ?»

«አንተን አልጠረጥርም። ሙስሊምን ያለ ማስረጃ መጠርጠር ወንጀል ነው። ቆርቆሮህን ግን እፈትናለሁ፤ ቆርቆሮ ሙስሊም አይደለም። ተውልኝና ሂድ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሰው ፊት እንነጋገራለን።»

ጀውሃር ደስ ብሎት ወጣ። በሰው ፊት ከተባለ ማስታወቂያ ነው ብሎ አሰበ።

ሐጂ ከመለዋወጫ ሱቅ ተራውን የመኪና ሰም፣ ሁሉም ሹፌር የሚያውቀውን፣ አንድ ኪሎ ስኳር በሚገዛ ገንዘብ ገዙ። በነጋታው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጦይባን አስጠሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«አንቺ ምስክር ነሽ» አሏት ሐጂ። «የትኛው የት እንደተቀባ እኔ፣ አንቺና ዘምዘም ብቻ እናውቃለን። እስከ ጁምዓ ምላስሽን ያዢ፤ ለባልሽም ቢሆን።»

«ለባሌ ስንቱን ይዤለታለሁ፣ ሐጂ።»

እትዬ ዘምዘም ከበረንዳው ሳቁ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ተራውን ሰም በቮልሷ በቀኝ በኩል ቀቡ፤ በሩን፣ ጎኑን፣ የኮፈኑን ቀኝ ግማሽ። ጦይባ ጥቁሩን ቆርቆሮ ከፍታ ቆማ ጠበቀች፤ ጥቂት ቆይታም አላስቻላትም።

«ሐጂ፣ ውዱን በቀኝ ብናደርገውስ? አንቱ መልካሙን ነገር ሁሉ በቀኝ ነው የሚጀምሩት።»

«በቀኜ የምጀምረው በገንዘቤ በገዛሁት ነው። ያኛው የሰው አማና ነው፤ ገና የእኔ አልሆነም።»

ውዱን ሰም በግራ በኩል ሁለቱም ተጋግዘው ቀቡት፤ እንዳይጎድልበት አብዝተው፣ ልክ እንደ ቀኙ አድርገው ወለወሉት። ዕቃውን ሊያዋርዱት ሳይሆን ሊያውቁት ነበር የፈለጉት። ከዚያ ቮልሷ መስጂዱ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ቆመች። የክረምት ማብቂያ ነበር። ዘነበባት፣ የጭነት መኪና ጭቃ ረጨባት፣ ዋርካው ላይ የሚያድሩት ወፎችም ሐጂን ሳያፍሩ የድርሻቸውን አደረጉ።

ጁምዓ ደረሰ። ሰዉ ሰግዶ ሲወጣ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሹፌሮቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከበራቸው አጠገብ። ነስሩ ከላቫጆ ውኃ አስመጥቶ መኪናዋን አጠባት። ጭቃው ከሁለቱም ጎን ወረደ። ውኃው በሁለቱም ጎን እንክብል እንክብል እየሆነ ተንከባለለ። ሲደርቅ ሁለቱም ጎን አበራ። ከሹፌሮቹ አንዱ አጎንብሶ ጥርሱን አየበት።

«ጀውሃር» አሉ ሐጂ፣ «ግማሹን በአንተ፣ ግማሹን በተራው ቀብተነዋል። የአንተን አሳየን።»

ጀውሃር ዞረ። በቀኝ አየ፣ በግራ አየ። በጣቱ ዳበሰ። ቁጢጥ ብሎ አየ። ሹፌሮቹ አላስቀምጥ አሉት።

«ቅመሰው እንጂ!»

«ዋጋውን ጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግርሃል!»

«የወለድከውን ልጅ እንዴት ታጣዋለህ?»

ጀውሃር ቀና ሲል ፊቱ ፈክቶ ነበር። «የቀኙ ነው!» አለ። «ምን ጥያቄ አለው!»

«በምን ለየኸው?» አሉ ሐጂ።

«ኧረ ሐጂ! ጫማ እንኳ በቀኝ ሳያጠልቁ የማይወጡ ሰውዬ ውዱን ዕቃ በግራ ያደርጉታል?»

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ፤ ጥሩ መለሰ ብሎ። ቀጥሎ ሳቁ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። አንዱ ወደ አንዱ ዞሮ አየ። ሰውዬው መኪናዋን አይቶ አልነበረም የመለሰው። መኪናዋ ላይ የሚያየው ነገር ስላጣ የሐጂን ልማድ ነው ያየው።

«ጦይባ፣ ተናገሪ» አሉ ሐጂ።

«የቀኙ የስኳር ዋጋው ነው!» አለች ጦይባ፣ ሳምንት ሙሉ የያዘችው ምላስ እንደ ወንጭፍ ተለቆ። «የአንተ በግራ ነው! በእጄ ነው የቀባሁት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ መገመት ትችላላችሁ። ጀውሃር «ተቀያይሮ ይሆናል» ማለት ጀምሮ የሐጂን ፊት ሲያይ ተወው። በዚያች ከተማ ሐጂ ቡሽራ ቀያየሩ ብሎ የሚጨርስ አፍ አልተፈጠረም።

ሐጂ እጃቸውን አነሡ። «ሳቁን ተዉት። ዕቃው አይረባም አላልኩም። አብርቷል፣ ዝናቡንም ችሏል። ተራውም አብርቷል፣ ችሏልም። ይኸው ነው ምስክርነቴ።» ከዚያ ወደ ጀውሃር ቀረብ አሉ። ቆርቆሮውን፣ ተቀብቶ ከጎደለው ዋጋ ጋር፣ በእጁ አስያዙት። «አንተም የነገሩህን ነው የነገርከን፤ ከዚህ በላይ አልጠረጥርህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዐውቀሃል። ያወቀ ሰው እንደማያውቅ ሆኖ አይሸጥም።»

ጀውሃር ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ነስሩ ግን እንደቆመ ነው።

«ሐጂ፣ እኔስ? ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው። መኪናዬ ካላበራች ማን ይከራየኛል?»

ሐጂ የተረፈውን ተራ ሰም ከቮልሷ አውጥተው ሰጡት። «እንካ። ቀኟንም ግራዋንም ቅባበት።»

ነስሩ ተቀበለ። ሚስቱን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ጦይባ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች፤ አንባሩ እጇ ላይ ነበር። ሐጂ አንባሩን አዩ፣ እሱን አዩ፤ በሱቃቸው ድምፅ፣ ጨርቅ ለገዢ እንደሚያሳዩ ሆነው፣ እንዲህ አሉት፦

«ሰም ይለቃል፣ ነስሩ። ሰም ሲለቅ ሌላ ሰም ይገዛል። በወርቅ የተገዛ ሰም ግን ሲለቅ ወርቁንም ይዞት ይሄዳል።»

እኛ ሰዎች ስለ ሰምና ወርቅ ማውራት እንወዳለን። ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ሲገኝ እናጨበጭባለን። ወርቁን አቅልጦ ሰም የሚገዛውን ግን ዝም እንለዋለን፤ ምናልባት ብዙዎቻችን ስለሆንን። ውድ የመኪና ሰም ዋጋው ይገባዋል ወይ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አጭር ነው፤ የትኛው ውዱ እንደሆነ የሚነግርህ ዋጋው ብቻ ከሆነ፣ የገዛኸው ሰሙን ሳይሆን ዋጋውን ነው። ዋጋ ደግሞ መኪና ላይ አይቀባም፤ ልብ ላይ ነው የሚቀባው። ስሙም ሪያእ ይባላል፤ እዩልኝ ባይነት። እሱ በላቫጆ ውኃ አይለቅም።

ሐጂ ሰውን ትተው ዕቃን ፈተኑ። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ሻጩን በሐሜት ልብሱን እናወልቀዋለን፤ ዕቃውን ግን ሳንፈትን እንገዛለን። ጀውሃርን ያጋለጠው የሰው ጥርጣሬ አልነበረም። «በምን ለየኸው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ናት። ሱቅ ስትገቡ ይዛችኋት ግቡ፤ ክብደት የላትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዚያ ጁምዓ ጥቂት ቆይቶ የመስጂዱ ቧንቧ ተሠርቶ ተገኘ። ማን እንዳሠራው የተናገረ የለም። ሰዉ ጀውሃር ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ያ ሰው ያለ ትርፍ ቧንቧ አይነካም አለ። ሐጂን ጠየቋቸው። «ውኃው ይወርዳል ወይ?» አሉ፤ «ይወርዳል» ሲሏቸው «እንግዲያው ውዱእ አድርጉ» ብለው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

በዚያች ከተማ ሳልፍ እኔም በዚያ ቧንቧ ታጥቤ ሰግጃለሁ። ጀውሃርን፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ዛሬም እጠረጥረዋለሁ። ውኃውን ግን ፈትኜዋለሁ፤ ንጹሕ ነው።