እንቁራሪት አፉን የዘጋበት ሰሞን

ተረቴ መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት።

ከአንድ ወንዝ የጠጡ ብዙ እንስሳት በተቅማጥ አለቁ። እንቁራሪት ነገሩ ቢከነክነው ሽቅብ ሄዶ ምክንያቱን ደረሰበት፤ ምንጩ ውስጥ ጅብ ሞቶ በስብሷል። ዳር ላይ አሸዋ ጭሮ ከሥር የሚፈልቀውን ቢጠጣ ደኅና ሰነበተ። ለሁሉም ሊጮህ አፉን ሲከፍት ንስር ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ወረደ።

"እንዲህ ያለ ቁም ነገር በአንተ ጎርናና ድምፅ አይነገርም። እኔ ከላይ ሆኜ በክብር እናገርልሃለሁ። አንተ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አለው።

እንቁራሪት ኩራት ተሰማውና እሺ ብሎ ቃል ገብቶ አፉን ዘጋ። ሚዳቋ ዓይኑ እያየ ጠጥታ ሞተች፤ ቃል ቃል ነው ብሎ ዝም አለ። ያልተናገረው ነገር እየነፋው ዓይኑ ሊወጣ ሲደርስ ንስር ተመለሰ።

"ንስሮች ሁሉ አጨበጨቡልህ! ስምህንም ገደሉ ላይ ጻፍንልህ!" አለው።

"ጌታዬ፣ እናንተ ከዚህ ወንዝ ትጠጣላችሁ?"

"ኧረ እኛ! እኛ ዓለት ላይ የሚጠራቀም ዝናብ ነው የምንጠጣው።"

"ታዲያ አሁን ልናገር?"

"እንዴት ተደርጎ! ነገሩ አሁን የገደሉ ነው። መስማት የፈለገ ገደሉ ላይ ይውጣ።"

ይህን ሲባባሉ አህያ ልትጠጣ መጣች።

"አንተ፣ ምነው እንዲህ አበጥክ? አንተንም ያዘህ እንዴ?" አለችው።

እንቁራሪት ገደሉን አየ፤ ወደ ውሃው የተጠጋውን የአህያን ሰኮናም አየ።

"አይጠጡ፣ እትዬ! አሸዋውን ይጫሩ!" ብሎ አንባረቀ።

አህያም የሰማችውን እንደ አመሏ አናፋችው፤ ሸለቆው ሁሉ ሰማ።

"ስምህ ከገደሉ ላይ ተፋቀ!" አለ ንስር።

"ይፋቅ።"

ከዚያ ወንዝ ጠጪዎች በሕይወት የቀሩት አህያና ከኋላዋ የመጡት ናቸው።