የተመጠጠ አገዳ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጫካው ጭቃ በጭቃ በሆነበት ክረምት፣ የእመት አህዪት ውርንጭላ አዳልጦት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እናት ዳር ዳሩን ዞረች፣ ጮኸች፤ ምንም አልሆነላትም። ጎርፉ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ!» ብላ ወደ አንበሳ ችሎት ጋለበች። ልጇን ጎትቶ ለማውጣት ጉልበት ያለው ዝሆን ነው፤ ዝሆንን ማዘዝ የሚችለው ደግሞ አንበሳ ብቻ ነበር።

ታዲያ የዚያ ችሎት ደንብ ጉድ ነው። ቀበሮ ያላስጠናውን ንግግር ይዞ ንጉሥ ፊት መቅረብ ነውር ነበር። ቀበሮም በር ላይ አስቆማት።

«ልጄ እየሰመጠብኝ ነው፣ አያ ቀበሮ፣ አሳልፈኝ!»

«ኧረ ቀስ! እንዲህ እየጮሁ ንጉሥ ፊት? በይ ተከተይኝ፦ ‹የዓይኔ ብርሃን፣ የጉልበቴ ምርኩዝ ጠፋብኝ፤ ሰማይ ተደፋብኝ!›»

ቃሉ ያምራል። እግሯ አልቆም እያላት፣ ልቧ ጉድጓዱ ዘንድ ሆኖ፣ ደገመችው፣ ሠለሰችው።

ተረኛው ግን አያ ጅቦ ነበር። ሆዱን እያሻሸ ቀረበና «የዓይኔ ብርሃን፣ የጉልበቴ ምርኩዝ ጠፋብኝ፤ ሰማይ ተደፋብኝ!» አለ።

«ምን ጠፋብህ?» አለ አንበሳ።

«የትናንት አጥንቴ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አህዪት አልሳቀችም፤ ዘላ ገባችና ያንኑ ያጠናችውን ለፈለፈችው። አንበሳ አዛጋ። «ከጠዋት ጀምሮ አንቺ ሰባተኛዋ ነሽ። ያንቺስ አጥንት የት ወደቀ?»

አህዪት ደሟ ፈላ። ደንቡንም ቀበሮንም ረሳች። «የምን አጥንት ነው! ልጄ ጉድጓድ ገብቷል! ስመጣ ውሃው ጉልበቱ ጋ ደርሶ ነበር። ‹እማ፣ እግሬን በረደኝ› እያለኝ ነው ጥዬው የመጣሁት!»

አንበሳ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ዝሆን! ተከተለኝ!»

«ጉድጓዱ በየት በኩል ነው?» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። አህዪት ግን አንበሳንና ዝሆንን እየመራች ጋለበች።

ሲደርሱ ከውሃው በላይ የቀረው አፍንጫና ሁለት ጆሮ ብቻ ነበር። ዝሆን በኩምቢው ጎትቶ አወጣው። ውርንጭላው አስነጠሰው፤ እናቱም ጭቃውን ከላዩ ትልስለት ጀመር።

ወደ ችሎቱ ሲመለሱ አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «አንተ! ያ ቃልህ መጀመሪያ ሲባል እኔንም አስለቅሶኝ ነበር። ለሁሉ ስታድል ስታድል የተመጠጠ አገዳ አደረግኸው፤ ሁሉ ያኘከው፣ ጣዕሙ ያለቀ። በእሱ ምክንያት ልጅ ሊሞት ነበር!» ብሎ ከችሎቱ አባረረው። ከዚያ ወዲያ በእንስሳቱ ዘንድ ከአፍ አፍ ሲዞር ያለቀለት ንግግር ስሙ «የተመጠጠ አገዳ» ሆኖ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ በጭንቅ ቀን የሚደርስልን፣ ሌላው ሁሉ የሚለውን አሳምሮ መድገም ሳይሆን የደረሰብንን በራሳችን አፍ እንዳለ መናገር መሆኑን ነው።