ጠርሙሱ ላይ ያማተበችው እጅ

አንዲት እናት ሱቅ ደጃፍ ቆማ ሥዕል ታያለች። የማን ሥዕል መሰላችሁ? የሯጭ። አገር ሁሉ የሚያውቃት ሯጭ፣ ውድድሯን ጨርሳ፣ ላቧ በጉንጯ እየወረደ፣ ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታማትብ። ከጎኗ ቀይ ጠርሙስ ቆሟል፤ ኃይል ሰጪ መጠጥ ነው።

እናትየዋ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ለዓይኗ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ማማተብን ግን ማን ያስተምራታል? እሱን እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው ያወቀችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ለልጅ ይሆናል? ልጄ ምንታምር ነገ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች" አለችው ባለሱቁን።

"እሷን እንደዚያ ያበረረ፣ ያንቺን ልጅ ይጎዳታል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "ደግሞ ስታማትብ አታያትም?"

እውነቱን ነው፣ አለች በልቧ። ያማተበ ሰው እንዴት ይዋሻል? ገዛችው።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ግማሹን ጠጣችና ጠርሙሱን ከአፏ አራቀች።

"እማዬ፣ ልቤ ድም ድም አለብኝ።"

"ስላልለመድሽው ነው፣ የኔ ልጅ።" እናትየዋ ጠርሙሱን ተቀብላ አማተበችበት። "በይ፣ በስመ አብ ብለሽ ጨርሺው።"

ልጅቱም ጨረሰችው።

ሩጫው ሳይጋመስ ምንታምር ደረቷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናትየዋ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወድቅ እንኳ አላወቀችም። ሮጣ ጆሮዋን ልጇ ደረት ላይ ብታደርግ ምን ሰማች? ወጥመድ የያዛት ወፍ ስትንፈራገጥ። የልጅቱ ከንፈር አመድ መስሏል።

"እመቤቴ! እኔን አስቀድሚኝ! እኔን!"

አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት።

"ምን ጠጥታ ነው?" አለች ነርሷ።

"ያቺ ሯጭ የምትጠጣውን።"

"ስትጠጣ አይተሻት ታውቂያለሽ?"

እናትየዋ ያየችውን በልቧ ቆጠረች። ስትሮጥ አይታታለች። ስትስቅ አይታታለች። ስታማትብ አይታታለች። ስትጠጣ ግን አንድም ቀን አላየቻትም።

ሯጭዋማ ያማተበችው ሩጫዋን ላስጨረሳት አምላክ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን ምስጋናዋን ወስደው የጠርሙስ ማሻሻጫ አደረጉት።

ወደ ማምሻው የልጅቱ ልብ ረጋ። የእናቷ ልብ ግን አልረጋም። ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ዞረና፣ "ያቺ ሯጭ! ልጄን ልትነጥቀኝ ነበር!" እያለች ትራገም ጀመር።

ምንታምር በደከመ ድምፅ፣ "እማዬ" አለቻት፣ "እኔ እኮ እሷን ብዬ አልጠጣሁም። ልደፋው ነበር። አንቺ ስታማትቢበት ጊዜ ነው የጨረስኩት።"

እናትየዋ እጇን አገላብጣ አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘች ሁሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ግንባሯ ባነሳችው ቁጥር ይንቀጠቀጥባታል።

ወገኖቼ፣ የእናንተስ እጅ አይንቀጠቀጥም?

ነጋዴ ሯጭን የሚፈልገው ለምንድን ነው? መጠጡን ስለማታውቁት አይደለም? የማታውቁትን በምታውቁት ፊት በኩል ያስገባላችኋል። በእሱ ተንኮል ትደነቃላችሁ። ግን እናንተስ የማን ፊት ናችሁ?

እናንተ እናቶች፣ እናንተ አባቶች፣ ሥዕላችሁ በልጆቻችሁ ዓይን ውስጥ ተሰቅሏል። በስመ አብ ብላችሁ ሐሜት ስትጀምሩ፣ ልጃችሁ ሐሜቱን ይጠጣል። ከቅዳሴ መልስ ሠራተኛዋን ስትሰድቡ፣ ስድቡን ይጠጣል። መራራ ነው፣ ልቡም ይነግረዋል። ሊደፋው ይፈልጋል። ነገር ግን ቀና ብሎ እናንተን ያያል።

ዛሬ ማዕድ ስትባርኩ፣ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ያማተባችሁበትን ሁሉ እስከ ጠብታው የሚጨርሱ ልጆች አጠገባችሁ ተቀምጠዋል።