ከክሊኒኩ ታብሌት የተገኘ ትምህርት

የወረዳው ሹም አቶ ድንበሩ ሊነጥቁ ታብሌቱን በአንድ በኩል፣ ሲያዳምጥበት የነበረ አንድ የታክሲ ረዳት በሌላ በኩል ይዘው ሲጓተቱ የጆሮ ማዳመጫው ተነቀለና «ኮንዶም ከመጠቀምዎ በፊት ማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ!» የሚል ድምፅ ክሊኒኩን ሞላው። ተራ ጠባቂው ሁሉ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይንፈቀፈቅ ጀመር።

ታብሌቱን ነርሷ ያስቀመጠችው፣ አፍ አውጥቶ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ስለ አባላዘር በሽታ ለብቻው እንዲማርበት ነበር።

«ስማ አንተ!» አሉ ሹሙ። «ይሄ ዕቃ ምን እንዳስተማረህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገር። ካፈርክ ነውር ነውና ዛሬውኑ ከዚህ ይወጣል። ካላፈርክ ግን ባለጌ ነህና አንተ ትወጣለህ!»

ረዳቱ ተራው አልደረሰም፤ አሁን ቢያስወጡት መድኃኒቱ ሊቀርበት ነው። ታብሌቱም ቢወጣ አንጀቱ አይችልም።

«መጀመሪያ ያስተማረኝማ ጋሼ፣ እዚህ ያየሁትን ሰው ለማንም እንዳልናገር ነው» አለ ጎንበስ ብሎ። «ስለዚህ ምንም አይስጉ። ባለፈው ማክሰኞ ኮፍያ ደፍተው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እኔ አላየሁዎትም።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሹሙ ግራ ቀኙን አዩና ከረዳቱ ጎን ዱብ ብለው ተቀምጠው በጆሮው፣ «ጠጋ በል ወንድሜ፤ ትምህርቱን ከመጀመሪያው አስጀምርልኝ» አሉት።