በመብራት ደፍ ላይ የቆመው መከታ

ተረት! ስላችሁ «ጆሯችን ክፍት!» በሉኝ።

ድሮ ነው፤ መብራት ለገጠር ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ። ወይራ አምባ በምትባል መንደር አንዲት ጤና ጣቢያ ነበረች። በጤና ጣቢያዋ ውስጥ አንድ ነጭ ፍሪጅ ነበር። በፍሪጁ ሆድ ውስጥ የሕፃናት ክትባት ተደርድሯል። በፍሪጁ ጀርባ ደግሞ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር፣ መዳፍ በምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ አንድ ቤተሰብ ይኖር ነበር።

ወፍራሙ ትራንስፎርመር አለ። ሙቀት እየለካ ሞተሩን «ተነስ! ተኛ!» የሚለው የቤቱ አእምሮ፣ ትንሹ አይሲ አለ። ከታች ሲያንጎራጉር የሚውለው ሞተር አለ። በመግቢያው አጠገብ በመስታወት ቀሚሷ ተጋድማ የምታንቀላፋ አሮጊት ፊውዝ አለች። ከእሷ ቀጥሎ፣ መብራት በሚገባበት ደፍ ላይ፣ እንደ ካፖርት አዝራር ክብ የሆነ ሰማያዊ ፍጡር በሁለት ቀጫጭን እግሮቹ ቆሟል። ባለሙያዎች ቫሪስተር ይሉታል። ስሙ መከታ ነው።

የመከታ ዘር ከፊል አስተላላፊ ይባላል። እንደ መዳብ ለመጣ ሁሉ አይከፍትም፤ እንደ ጎማም በሁሉ ላይ አይዘጋም። መብራት በልኳ ስትመጣ ዘግቶ ይቆማል፤ ከልኳ ስታልፍ ይከፍታል። አንደኛው እግሩ የመብራቱን መስመር ረግጧል፤ ሌላኛው ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ።

መብራት ትመጣለች። ትራንስፎርመር ጋ ትገባለች፣ አይሲ ጋ ትገባለች፣ ሞተር ጋ ትገባለች። ሁሉም ይሞቃቸዋል፣ ሁሉም ይጫወታሉ። መከታ ጋ ግን አትገባም። ጎኑን ታክካው ታልፋለች። እሱ ይበርደዋል።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ይለዋል ትራንስፎርመር።

«እቆማለሁ» ይላል መከታ።

«መቆምማ አጥርም ይቆማል!» ይላል ትራንስፎርመር፤ ቤተሰቡ ይስቃል።

የሞተሩን ሙቀት ፍለጋ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባ አንዲት እንሽላሊት ብቻ አልፎ አልፎ ታናግረዋለች።

«ለምን ፊትህን ወደነሱ መልሰህ አብረህ አትጫወትም?» አለችው አንድ ቀን።

«ፊቴን ከመለስኩ ደጁን ማን ያያል?» አላት።

አንድ ቀን መብራት ጠፍታ ዋለች። ደራሽ ጎርፍን ታውቁት የለም? እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይኛው አገር ይዘንብና፣ ሳይታሰብ ግንድ እያንከባለለ የሚመጣውን? በሽቦም ውስጥ እንዲህ ያለ ደራሽ አለ። መብራት ተመልሳ ስትመጣ ደራሽ ከኋላዋ እየጮኸ መጣ።

«ዞር በሉ! ልገባ ነው!»

«ቤቱ አይችልህም» አለው መከታ። «በኔ በኩል እለፍ።»

ከፈተለት። ደራሽ በመከታ ሆድ አልፎ በሽቦው ቁልቁል ወረደ፤ መሬትም ዝም ብላ ዋጠችው። ጊዜው ከዓይን ጥቅሻ ያንስ ነበር። በመከታ ውስጥ ግን አንድ ነገር እንደ ደረቅ ጭቃ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ምን ነበር?» አለ ሞተር።

«ምንም» አለ አይሲ።

«ምን ሊኖር!» አለ ትራንስፎርመር።

መከታ ሊነግራቸው ፈልጎ ተወው። ያልደረሰባቸውን ነገር በምን ያሳያቸዋል? እንሽላሊት ግን ስንጥቁን አይታ ነበርና ሄዳ ነገረቻቸው። «እንሽላሊት ስለ መብራት ምን ታውቃለች!» ብለው ሳቁባት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ በመንደሩ ወፍጮ ቤት ትልቁ ሞተር በድንገት ቆመና ይውጠው የነበረው መብራት ሽቦው ላይ ተረፈ። ያኔ ደራሽ ከዚያ ተነስቶ መጣ። አሁን አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወዳጅ ተጠግቶ መጣ።

«መከታ ወንድሜ፣ ብቻህን ነህ አይደል?»

መከታ ደነገጠ። ይህን ከዚህ በፊት የጠየቀው አልነበረም።

«እነሱ እየሞቃቸው አንተን ይበርድሃል» አለ ደራሽ። «እነሱ እየሳቁ አንተ ትሰነጠቃለህ። ይህን አድርግ አልልህም። ዝም በል ብቻ። እኔ አልፌ እገባለሁ።»

መከታ አመነታ። ውሸት አልነገረውም። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ለአንድ አፍታ ዝም ብሎ ሊቆም፣ እነሱም ቅዝቃዜን አንዴ እንዲያዩት ሊተዋቸው ፈለገ።

ያን ጊዜ ከቆርቆሮው ማዶ ሕፃን አለቀሰ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር እጅጋየሁ እናቲቱን ስታናግር ተሰማ።

«ከየት ነው የመጣሽው የኔ እህት?»

«ከቆላ ነው እቴ። እንደው መድኃኒቱ አልቋል ትይኝ ይሆን ብዬ ስፈራ መጣሁ።»

«አለ፣ አለ። በቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ግን ይበላሻል። እንኳን ፍሪጃችን ደህና ሆነ!»

መከታ «እንኳን» የምትለዋን ቃል ሰማት። ለእሱ አልተባለችም፤ የተባለችው ግን በእሱ ምክንያት ነበር።

«ያልከው ሁሉ እውነት ነው» አለው ለደራሽ። «ብቻዬን ነኝ። አንተ ብትገባም ግን ያው ብቻዬን ነኝ።»

ከፈተለትና ወደ መሬት ሰደደው። ስንጥቁ ሰፋ። ሰማያዊ ገላው ጠቆር አለ። በውስጥ በኩል ጨዋታው እንደደመቀ ነበር።

ነሐሴ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና መብረቅ ከጤና ጣቢያዋ ደጅ የቆመውን የመብራት ምሰሶ መታው። ደራሽ አሁን አልጮኸም፣ አላባበለምም። ዝም ብሎ መጣ።

መከታ የነበረውን ሁሉ ከፈተ። ደራሽ ወረደ፣ ወረደ፤ አሁንም ወረደ። ሆዱ ጋለ፣ ስንጥቁ ተላቀቀ፣ ከገላው ጭስ ወጣ። መዝጋት ቢፈልግ እንኳ ከእንግዲህ መዝጋት አይችልም፤ መብራትም ደራሽን ተከትላ በእሱ በኩል ትወርድ ጀመር፤ ይህ ካልቆመ ቤቱ ሊቃጠል ነው።

«እማማ ፊውዝ!» ሲል ተጣራ።

«እ? ማነው?» አለች አሮጊቷ እየባነነች።

«እኔ ነኝ፣ መከታ። ሸክሙ ከበደኝ። መስመሩን በጥሺው!»

«ከበጠስኩት እኔም አልተርፍ ልጄ።»

«አውቃለሁ እማማ።»

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። ስንጥቁን አየች፣ ጥቁረቱን አየች። «እኔ ስተኛ ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ ኖረሃል?» አለች። ከዚያ በወገቧ ያለውን ቀጭን ክር በጠሰችው። ቤቱ ጨለመ።

ሲስተር እጅጋየሁ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አስቀምጣ ከከተማ ጠጋኝ አስጠራች። ጋሽ ደምሰው በማግስቱ መጥቶ ቆርቆሮውን ፈታ።

«አለቀለት ጋሽዬ?»

«ሌላው ደህና ነው ሲስተር። የተቃጠለው ይሄ ብቻ ነው፣ ከፊውዙ ጋር።»

«ምን ይሠራል እሱ?»

«ሲሠራ አይታይም። ይኸው ሌላው ተርፏል አይደል? እሱ ነው ሥራው።»

አሮጌዎቹን ነቅሎ በመስኮት ወረወራቸው፤ አዲስ ፊውዝ፣ አዲስ ቫሪስተር በየፋንታቸው በየደ። መብራት ገባች። ትራንስፎርመር ነቃ፣ አይሲ ነቃ፣ ሞተር ነቃ። በደፉ ላይ አንድ የማያውቁት፣ ገላው የሚያበራ ሰማያዊ ልጅ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል።

«ያኛውስ?» አለ ትራንስፎርመር።

እንሽላሊት ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መብራት በመጣች ቁጥር ትራንስፎርመር ከመሞቁ በፊት ወደ ደጅ ዞሮ «ልጄ፣ ደህና ነህ?» ይላል፤ ሞተርም መልሱን ለመስማት እንጉርጉሮውን ያቆማል።

መከታ ግን ይህን አልሰማም። ከመስኮቱ ሥር፣ ከረጠበው ሣር መሃል ወድቋል። እንሽላሊት ወጥታ አጠገቡ ተጋደመች። «ይጠይቁታል» አለችው። «አዲሱን ይጠይቁታል።» ዝናቡ ጭቃውን እያመጣ ሸፈነው፤ እሷም ቆይታ ቆይታ ሄደች።

ተረቴ ከኔ ወጥቶ እናንተ ጋ ገብቷል፤ ደህና አድርጋችሁ አሳድሩት። ጎርፍ ያልገባበት ቤት፣ ደጁ ላይ የወደቀለት አለው።